«መኪናውን ነው የጠራሁት»

ፍሬን ብትይዙ ከኋላችሁ የተኛው ሽማግሌ ሊሞት ነው፤ ባትይዙ ደግሞ ከፊታችሁ የሚሄደውን፣ የምትወዱትን ሰው በጎማ ልትወጡበት ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አትቸኩሉ። ደረቅ ወለል ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ የሚመልስ ሰው አገሩን ሞልቶታል። በሰኪና ላይ የፈረደውም ይኸው ደረቅ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። «ሴት ልጅ ጎርፍ ውስጥ ምን ትሠራለች?» ያለ አለ። «የነጋዴ ልጅ፣ ጥጋብ ነው» ያለም አለ። ያን ቀን ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ላይ መሪውን ያስጨበጣቸው ቢኖር ኖሮ ምላሳቸው ከላንቃቸው በተጣበቀ ነበር።

ስልኩ ሲጮህ ሰኪና ወረታ፣ ከአባቷ መጋዘን በር ላይ ቆማ ሩዝ ታስጭን ነበር። የደወለው የቁሐሩ ቻላቸው ነው። ቀን ላይ ደውሎ አያውቅም።

«ሰኪ» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «አባቴን በሬ ወጋው። ጎርፉ ሳይደርስ ከብቱን ወደ ከፍታው ሲያወጣ… ጭኑን ነው። ደሙ አልቆም አለ።»

«አምቡላንስስ?»

«ወላድ ሊያመጣ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። በቃሬዛ እንዳንሸከመው ውሃው ለእግር በዝቷል፤ በታንኳ እንዳንወስደው ለታንኳ አንሷል። ሰኪ፣ ሌላ የምጠራው ሰው የለኝም።»

ሌላ የምጠራው ሰው የለኝም። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈልጓታላችሁ።

አባቷ ሙህዲን ለጉዳይ ባሕር ዳር ሄዷል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ደብል ጋቢናዋን ፒካፕ እየነዳች ከየቀበሌው ሩዝ የምትሰበስበው ሰኪና ናት፤ ሳታስፈቅደው ግን መኪናዋን ከግቢ አውጥታ አታውቅም። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አነሳች። «ቢስሚላህ» ብላ አስነሳች።

ከቻላቸው ጋር ያስተዋወቀቻትም ይህችው ፒካፕ ናት። ከሁለት ክረምት በፊት ማሳ ዳር ሰጥማባት ስትቆም፣ ከየት መጣ ሳይባል አንድ እቅፍ የሩዝ ገለባ ይዞ መጥቶ ከጎማው ሥር ጎዘጎዘላት። አመሰገነችው። ዝም ብሎ አያት። ሰው እንዲህ አድርጎ ሲያያት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወረታ እስክትደርስ ድረስ ማርሽ መቀየር ረስታ በአንድ ማርሽ ነዳች። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ሚዛን ፊት ይተያያሉ። ማታ ማታ በስልክ ይጻጻፋሉ። ከዚህ ያለፈ ነገር የላቸውም፤ ግን ከዚህ የበለጠ ነገርም በዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም።

አባቶቻቸው ይተዋወቃሉ። ሙህዲን ጁምዓ መስጊድ ነው፤ የቻላቸው አባት ማረው እሑድ ቅዳሴ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ ሁለቱም አንድ ሚዛን ፊት ቆመው ይሳሳቃሉ፣ በሐዘን ይጠያየቃሉ፣ በደስታ ይጠራራሉ። ልጆቻቸው እንደሚተያዩ ቢሰሙ ግን ያ ሁሉ ሳቅ በአንድ ቀን ይደርቃል። ይህን ሁለቱም ልጆች ያውቃሉ። ስለዚህ ፈሩ። ፍቅራቸውን እንደተሰረቀ ዕቃ ደበቁት።

*

ሰኪና ስትመጣ መሻገሪያው ላይ ያለው ውሃ ጎማዋን እስከ ግማሽ ብቻ ነበር ያረጠበው። «ቶሎ ከተመለስን እናልፋለን» ብላ አሰበች። ቶሎ ግን አልተመለሱም።

ለምን? ወንዶቹ ይከራከሩ ስለነበር ነዋ! ማረው ደጃፉ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ ይርገዱ የታሰረውን ጭኑን በሁለት እጇ ጭና ይዛለች፤ በጣቶቿ መሐል ደም ይንጠባጠባል። ከበላያቸው ወንዶቹ ቆመው ሸንጎ ይዘዋል። «ዘመድ ይሰብሰብ እንጂ!» ይላል አንዱ። «የበሬ ቁስል በራሱ ይቆማል» ይላል ሌላው። ሰው እየደማ ንግግር የሚያሳምሩ ወንዶች በየመንደሩ አሉ፤ እስከ ዛሬም የጠየቃቸው የለም።

«ይች ደግሞ ማናት?» አለ አድማሴ። ጎረቤታቸው ነው፤ ታንኳ ሠሪ፣ ድምፀ ትልቅ። ጣቱን ወደ ሰኪና ቀስሯል። «ምን አገናኛትና ነው ማረውን ለመጫን እንዲህ የምትጣደፈው?»

ሁሉም ወደ ቻላቸው ዞረ። ሰኪናም ዞረች። ቻላቸው አያት፤ ያንኑ የምታውቀውን አስተያየት ለአንድ አፍታ ብቻ አያት። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለው።

«የሩዝ ነጋዴው የሙህዲን ልጅ ናት» አለ። «መኪናውን ነው የጠራሁት።»

ማንም አልሰማም፤ ሰኪና ውስጥ ግን አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «እንግዲያው መኪናውን ጫኑት» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «መኪናው እየጠበቀ ነው።»

*

ማረውን ከኋላ ወንበር ላይ አጋደሙት። ይርገዱ ከፊት ወንበር ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ወደ ኋላ ዞራ፣ በወንበሮቹ መሐል ቁስሉን ያዘች። መኪና ውስጥ ስትገባ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከንፈሯ ያለማቋረጥ «ሚካኤል አባቴ» ይላል። አድማሴ ከኋላ ሊንጠላጠል ሲል ሰኪና ከለከለችው።

«ክብደት ያሰምጠናል፤ ይውረዱ።»

«እኔን? እኔን ውረድ?»

«እርስዎን፣ አዎ።»

ቻላቸውና ወንዶቹ በእግር እየተከተሏቸው መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ሰኪና መኪናዋን አቁማ ወረደች። ውሃው ያ ውሃ አይደለም። የርብ ወንዝ ጎርፍ ሜዳውን ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሩዙን አስተኝቶ ተንጣሏል። ማዶ፣ ከፍ ብሎ የተሠራው ጥርጊያ መንገድ ይታያል፤ ቅርብ ነው፤ ግን በመሐል ያለው አይታወቅም።

አባቷ መንዳት ሲያስተምራት አስሬ የደጋገመላት አንድ ነገር ነበር። «ልጄ፣ በእግርሽ ያልገባሽበትን ውሃ በመኪና አትግቢበት። ከገባሽ ደግሞ አትቁሚ። ፎገራ አፈሩ ዋልካ ነው፤ የቆመን ነገር ይውጣል።»

ጎንበስ ብላ ከአራቱም ጎማ ንፋስ ቀነሰች፤ ጎማው ተጋድሞ ጭቃውን በሰፊው እንዲረግጥ። የንፋስ መሙያው ክዳኖች ከረጠበ ጣቷ እያመለጡ ሁለቴ ጭቃ ውስጥ ፈለገቻቸው። ቻላቸው ዳር ከቆመው ከአድማሴ ታንኳ ላይ ረጅሙን መግፊያ ዘንግ አንስቶ መጣ።

«በከብቱ መሄጃ ሂጂ» አላት፤ ዓይኗን ሳያይ። «ከላይ እስከ ታች ከብት የሚያልፍበት ነው። ከብት ሰምጦበት አያውቅም። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ አሳይሻለሁ።»

«እኔ ራሴ በእግሬ ልየው።»

«ጊዜ የለንም ሰኪ! እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁበት አይደለም ወይ?»

ሰኪ አላት፤ በሹክሹክታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። ሹክሹክታው አናደዳት። ተናዳ ባይሆን ኖሮ ትከራከረው ነበር። የፎገራ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከብት የረገጠውን መሬት የጠነከረ ይመስለዋል። ከብት ግን እግሩን ነቅሎ ያነሳል። መኪና እግር አያነሳም። የከብት ኮቴ ክረምቱን ሙሉ ያቦካው ጭቃ ለመኪና ከጉድጓድ የከፋ ነው። ሰኪና ይህን ታውቃለች። የሚያውቁትን ነገር ንዴት ሲያስረሳ ምን ይባላል?

ገባች። የደህንነት ቀበቶዋን ሳታስር ተወች፤ የአራቱንም በር መስታወት አወረደች፤ መኪናዋ ብትገለበጥ የሚወጣበት ቀዳዳ እንዲኖር። ይርገዱ መስታወቱ ሲወርድ አይታ ምክንያቱ ገባት፤ ቁስሉን አጥብቃ ያዘች። ሰኪና ፎር ዊሉን አስገባች፤ ዝቅተኛውን ማርሽ ያዘች፤ አውራ ጣቶቿን ከመሪው ውጪ አደረገች፤ ጎማ ድንገት ሲመታ መሪው እንዳይሰብራቸው።

«ያ ረቢ» አለች። ውሃው የፊቱን ፓራውልት ነካ።

*

ቻላቸው ከፊቷ ይሄዳል። ውሃው ጉልበቱ ላይ ነው። ዘንጉን ይወጋል፣ ይራመዳል፣ ይወጋል፣ ይራመዳል። ሰኪና ሌላ ነገር አይታያትም፤ የረጠበ ሸሚዙ፣ ትከሻው፣ አንገቱ ብቻ። ልጠላው ነው ብላ አሰበች። አንገቱን እያየች መጥላት አቃታት።

መኪናዋ ከውስጧ አቃሰተች። ሰኪና በመቀመጫዋ ሥር ተሰማት፤ የኋላው ወገን ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደሚያንቀላፋ ሰው ዝቅ አለ። ጎማዎቹ መያዛቸውን ተዉ። ነዳጅ አልጨመረችም፤ ብትጨምር እንደሚቆፍር ታውቃለች። በቀኝ በኩል፣ ከውሃው በላይ የሳር ጫፍ ይታያል። የሳር ሥር ያለበት መሬት ይይዛል።

«ቻላቸው! ወደ ቀኝ! ሳሩ ጋ!»

ዞሮ አያት። እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቀኝ አንድ እግሩን ሰነዘረ፤ ሁለተኛውንም፤ እና ጠፋ።

ጩኸት የለ፣ ምን የለ። ሰው ነበረ፤ ሰው የለም። ዘንጉ ብቻ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ለሩዙ ውሃ ማፋሰሻ በበጋ የተቆፈረ ቦይ ነበር፤ ጎርፉ ከማሳው ጋር እኩል አድርጎ ደብቆታል።

መኪናዋ እየሄደች ነው። ውሃው ኮፈኑን ገፋ፤ ዘንጉ ወደ እሷ መጣ፤ የጠፋበት ቦታ ወደ እሷ መጣ። የአባቷ ድምፅ ከጆሮዋ ውስጥ ይጮሃል፦ አትቁሚ። ከኋላዋ ማረው ያቃስታል። አትቁሚ። ከቆመች መኪናዋ ትዋጣለች፤ ሽማግሌው እዚህ ውሃ መሐል ደሙ ያልቃል። ካልቆመች የማታየውን ሰው…

ፍሬኑን ረገጠችው።

እስቲ አሁን ፍረዱባት! የማረውን ነፍስ በልጁ ነፍስ ለወጠች በሉ። ቀኝ እግሯ ሲረግጥ ሰኪና እንዲህ ያለ ሒሳብ አልሠራችም። ስሙን ብቻ ጠራች። ውሃው ተመልሶ መጥቶ በሩን መታው፤ መኪናዋ ቁጭ አለች።

ማርሹን ዜሮ አደረገችና የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ሞተሩ ከጠፋ ውሃ በጭስ ማውጫው ይገባል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያበቃል።

«እማማ! ይችን ይጫኑልኝ፤ በእጅዎ! ድምፁ እንዳይቀንስ!»

«የቱን? ልጄ፣ የቱን? ቁስሉን ማን ይይዘዋል?»

«ልቀቂኝ!» አለ ማረው። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ራሱ በሁለት እጁ ጭኑን አነቀ። «ልጅቱ ያለችሽን አድርጊ፤ ልጄን ታውጣልኝ!»

ይርገዱ ከወንበሩ ሥር ተደፍታ፣ ደም ባለበት እጇ ነዳጅ መስጫውን ተጫነች። ሞተሩ ጮኸ። ሰኪና በመስኮቱ ወጣች፤ ኮፈኑ ላይ በደረቷ ተኛች። ውሃው ቡናማ ነው፤ ምንም አያሳይም። «ቻላቸው!» ብላ ጮኸች፤ ማዶ ለማዶ የሚሰማ ጩኸት። ስሙን እንደዚህ ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅም።

አንድ እጅ ከውሃው ወጣ። ፓራውልቱን ፈልጎ አጣው፤ እንደገና ሰጠመ።

ዘላ ገባች። ውሃው እስከ ደረቷ ደረሰ፤ ብርዱ ትንፋሿን ቆረጠው። በእግሯ ፈለገችው፣ በእጇ አገኘችው፤ የሸሚዙን ኮሌታ ያዘች። አይመጣም። እግሩን ዋልካው ይዞታል። በአንድ እጇ ፓራውልቱን አንቃ በሌላው ጎተተች፤ ሂጃቧ ወልቆ ተወሰደ፤ አላስተዋለችም። «ና እንጂ» ትላለች፣ «ና እንጂ፣ ና!» ድንገት ጭቃው ለቀቀው፤ ሁለቱም ኮፈኑ ላይ ተጋጩ።

ቻላቸው አሳለ፤ ውሃ ተፋ። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቷ ፊቱ ላይ ነበር።

«ለምን ቆምሽ?» አለ። «አባቴ ውስጥ ነው… ለምን ቆምሽ?»

ሰኪና በብብቱ ይዛ ኮፈኑ ላይ አወጣችው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የት ነበር የሚፈልገው?

*

ያን ጊዜ ነው ወንዶቹ ምላሳቸውን ትተው እግራቸውን ያነሱት። ከዳር እየገቡ መጡ። ከፊት የመጣው አድማሴ ነበር፤ ታንኳውን እየጎተተ። ሰኪና ታንኳውን አየች፤ ከደንገል እስር ነው የተሠራው።

«ይፍቱት» አለችው። «ከጎማው ሥር ይግባ።»

«ታንኳዬን?»

«ታንኳዎን።»

አድማሴ ታንኳውን አየ፤ ልጅቱን አየ፤ ፀጉሯ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ አየ። «እንኳን ታንኳ ቤቴንም ፍቺው» ብሎ ማጭዱን ከወገቡ መዘዘ። የደንገሉን እስር ከአራቱ ጎማዎች ሥር ወተፉት። ሰኪና መሪው ጋ ተመለሰች። ይርገዱ እጇን ከነዳጁ ላይ ስታነሳ አልታዘዝ አላት፤ ጣቶቿ ደርቀው ቀርተው ነበር። ሰኪና አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

ቀስ ብላ ነዳጅ ሰጠች። ደንገሉ ተሰነጣጠቀ፤ ያዘ፤ መኪናዋ ከሆዷ የተነቀለች ያህል ጮኻ ተነሳች። ቦዩን በጎን ትታ በሳሩ፣ በሳሩ፣ ጥርጊያው ላይ ወጣች።

*

ማረውን ወረታ ሐኪም ቤት ሲያስገቡት ይተነፍስ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪሙ በር ላይ ብቅ ብሎ «ደሙ ቆሟል፤ ይተርፋል» አላቸው። ይርገዱ መሬቱን ሳመች። ከዚያ ተነስታ ሰኪናን አንገቷን ይዛ አገላብጣ ሳመቻት፤ ሁሉ እያየ።

ግቢው በሰው ሞልቷል። የቁሐር ሰዎች ደርሰዋል፤ ባጃጅ ነጂዎች ወሬ ሊያዩ ተጠግተዋል። ሰኪና ከነጭቃዋ፣ ይርገዱ ያለበሰቻትን ነጠላ ተከናንባ ቆማለች። ልቧ ረግቷል ብላ ስታስብ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ሙህዲን ነው።

ሙህዲን መጀመሪያ መኪናውን አየ፤ ጭቃው እስከ ስፖኪዮው ደርሷል። ቀጥሎ ልጁን አየ። የሚጮህ ሰው አይደለም። ባለመጮኹ ነው የምትፈራው።

«ውሃ ውስጥ ቆመሻል» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«አትቁሚ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ አባዬ።»

«አያ ሙህዲን፣ ይተዋት» አለ አድማሴ፣ በዚያ ትልቅ ድምፁ። «የእርስዎ መኪና ታንኳዬን በልታለች፤ እኔ እንኳ ዝም ብያለሁ!»

ሰዉ ሳቀ። ሙህዲን አልሳቀም። «ማን ነው የጠራት?» አለ። «የእኔን ልጅ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ጎርፍ ውስጥ ማን ጠራት?»

ሳቁ ጠፋ። ዓይን ሁሉ ወደ ቻላቸው ሄደ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ባዶ እግሩን ነው፤ ጫማው ዋልካው ውስጥ ቀርቷል። ሰኪና ዓይኑ ወደ መሬት ሲወርድ አየችው። እንደ ጠዋቱ። ልክ እንደ ጠዋቱ!

ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ይህ? ከመኪና ፊት ጎርፍ ውስጥ ይገባል፤ እግሩን የሚውጥ ጭቃ አይፈራም፤ ሞትን አይፈራም። አንድ ቃል ይፈራል። አገራችን ለመሞት የሚጣደፍ ወንድ ሞልቷታል፤ ለመናገር የሚደፍር ነው የጠፋው። ለወደዳት ሴት ይሞትላታል፤ ስሟን ግን በሰው ፊት አይጠራላትም። የትኛዋ ሴት ናት ሙትልኝ ያለችው?

ሰኪና ፍርሃቱ ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ሲሞላ ተሰማት፤ እንደዚያ ውሃ፣ ጉልበቷ ላይ፣ ደረቷ ላይ። እውነቱን ከተናገረ አባቷን ልታጣ ትችላለች። ከካዳት እሱን ታጣዋለች። እሷ ዝም ካለች ግን ራሷን ነው የምታጣው። ከውሃው መሐል ይልቅ እዚህ፣ ደረቁ ግቢ ላይ፣ የበለጠ ፈራች። ቢሆንም ተራመደች። ያልገባችበት ውሃ ነው፤ በእግሯ ገባችበት።

ፊቱ ቆመች። ዓይኑን እስኪያነሳ ጠበቀች። አነሳው፤ ያው አስተያየት ነው፤ ያው ልቧን የሚያስቆማት።

«ጠዋት በስልክ ሌላ የምጠራው ሰው የለኝም አልከኝ» አለች። ድምፅዋ አጥሩ ጋ ድረስ ይሰማል። «ደጃችሁ ላይ ደግሞ መኪናውን ነው የጠራሁት አልክ። መኪናው ይኸው፤ ሥራውን ጨርሷል። አባቴ እዚህ ነው። እናትህ እዚህ ናት። ቁሐርም፣ ወረታም እየሰማ ነው። አጎንብሰህ አይደለም፣ በሹክሹክታም አይደለም፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለህ መልስልኝ። ቻላቸው፣ ዛሬ የጠራኸው መኪናውን ነው ወይስ እኔን?»